አስራ አንድ እርምጃ

ባሕር ዳር፣ ከድልድዩ ወዲህ፣ ከአንድ ሆቴል ጓሮ፣
ስድስት ዓመት ቲኬት ቆረጥኩ፤ ይህ ነበር የኔ ኑሮ።
ለአዋቂ ሃያ፣ ለልጅ አስር ብር፤
‹ጣት ወደ ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው› የሚል ጽሑፍ ከበር።

ጉማሬዋ የመጣች ዕለት ከበግ አትበልጥም ነበር።
እናቷን ገደሏት፣ የሰው በቆሎ በላች ብለው፣
ልጅቷን በጋሪ አመጧት፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው።
የሆቴሉ ጌታ ስም አወጣ፣ ‹ሎሚ› አላት፤
ጋሽ ይማም ግን ስም አያበዛም፤ ‹አንቺ› ብቻ ነው የሚላት።

ይማም ወይጦ ነው። አያቱ በደንገል ታንኳ ቀዝፎ
ጉማሬ ይወጋ ነበር፣ ጦሩን በገመድ ጠልፎ።
ጦሩ ዛሬም ከጎጆው፣ ከምሰሶው ላይ ተሰክቷል፤
የወራሹ እጅ ግን ጡጦ ነው የያዘው፤ ወተት ሞልቷል።
ሌሊት እየተነሳ፣ ካንገቷ ስር ክንዱን አግብቶ
ያጠባታል። ‹የአያቴን ዕዳ ነው የምከፍል› አለኝ፣ አንድ ቀን ተሰላችቶ።

ገንዳው ሲሚንቶ ነው፤ በሷ አረማመድ አስራ አንድ እርምጃ፤
ሕፃን ሳለች ሃያም ሠላሳም ይሆን ነበር፤ እንጃ።
እሷ ስታድግ እሱ አነሰ፤
ጥላ ያልተሠራለት ጀርባዋ ቀይ ላብ ለበሰ።
የጉማሬ ላብ ቀይ መሆኑን አላወቅንም፤
‹ደማች!› ብለን ጮህን። ይማም ሳቀብን፤ እኛ ግን አልሳቅንም።

ጠዋት ባልዲውን በጠጠር ሦስት ጊዜ ሲመታ
ከውኃው ትወጣለች፣ አፏን እንደ ሻንጣ ከፍታ።
‹ቤቷ የት ነው?› አለ አንድ ልጅ፣ ቲኬቱን በጣቱ ጠቅልሎ፤
አባቱ ገንዳውን አሳየው፣ ‹ይኸውና!› ብሎ።

ማታ የበሩን ብረት ታኝካለች።
ቀለሙ ተልጦ ብረቱ አበራ፣ የሷ ጥርስ ዶለዶመ፤
ጎብኚው ‹ፈገግ አለች› ብሎ ፎቶ ለማንሳት ቆመ።

ከሁሉ ሌሊቱ ይከፋል። አባይ ከጣና ከሚወጣበት፣
ከፊላው ውስጥ ድምፅ ይመጣል፣ የዘመድ ሳቅ ያለበት።
በመጀመሪያው ዓመት መለሰች። በሁለተኛውም መለሰች።
በሦስተኛው ጄኔሬተሩን መምሰል ለመደች፤
መብራት ጠፍቶ ሞተሩ ሲያጓራ
እሷም ታጓራለች አብራ።
ወንዙ ሲጣራ፣ ዝም።

ሆቴሉ ከሰረ። እንግዳ ጠፋ፤ ባንኩ ማስታወቂያ ለጠፈ፤
ውኃው ወደ ጉልበቷ ወረደ፣ አረንጓዴ ዝቃጭ ተንሳፈፈ።
‹ሥጋዋ ስንት ያወጣል?› አለ አንዱ፣ ካጥሩ ተደግፎ፤
‹ለአለንጋ ቆዳዋ ይሻላል› አለ ሌላው፣ ጀርባዋን በዓይኑ ገፍፎ።

ነሐሴ ነው። ማክሰኞ ሌሊት ይማም የበሩን ቁልፍ ሰበረ።
መክፈቻው ከኪሴ ነበር፤ ቢጠይቀኝ እሰጥ ነበረ።
ይመስለኛል።

ባልዲ ይዞ ቀደመ፤ ጎመን የለመደችበትን ባልዲ፤
እናቷ ባልዲ፣ ሰዓቷ ባልዲ፣ አገሯም ባልዲ።
አስፋልቱ ላይ ቀስ፣ ቀስ። አንድ ባጃጅ መብራቱን አጥፍቶ አሳለፋት።
ወንዙ ዳር ስትደርስ ቆመች። ጭቃ ምን እንደሆነ ጠፋት።
አስራ አንድ ተራመደች፣ ዞረች። አስራ አንድ፣ ዞረች።
ግድግዳ በሌለበት፣ ግድግዳውን አከበረች።

ይማም ለመናት። ገፋት። ተሳደበ። በጉልበቱ ወደቀ።
በመጨረሻ ባልዲውን ወደ አባይ ለቀቀ።
ባልዲው ተንሳፈፈ፤ ወንዙ ይዞት ሄደ።
ተከተለችው።
ውኃው እስከ ጆሮዋ ወጣ፤ ከዚያ ጨለማው ጋረደ።

ሊነጋ ሲል ከፊላው ውስጥ ጩኸት ሰማን፣ ውኃ ሲናጥ፤
አቀባበል ይሁን ግድያ፣ ይማም እንኳ አላወቀም በእርግጥ።
ሦስት ወር ታሰረ፣ የባንክ ንብረት በማጥፋት።
‹ዕዳው ገና ግማሹ ነው› አለኝ፣ በጠያቂ ሰዓት።

እኔ አሁን ከድልድዩ ስር ዓሣ እሸጣለሁ። አንዳንድ ማታ
ባዶ ባልዲ በጠጠር እመታለሁ፣ ሦስት ጊዜ፣ ጋብ እያልኩ ላፍታ።
መንጋው ቀና ይላል። ስንት ጆሮ! ስንት ጆሮ!
ይርገበገባል፣ ይሰጥማል፣ እንደ ድሮ።
አንድ ጥንድ ብቻ ይዘገያል።
ይመስለኛል።