የሰዓት ጠጋኙ ቁልፍ

ብርኖ ላይ ኅዳር ነው፤ ትራም ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይነዝራል፣
አራተኛው ፎቅ ላይ የእኔ ስክሪን ብቻ አፍጥጦ ያድራል።
ዘበኛ ነኝ እንግዲህ፣ ዱላም ካፖርትም የለኝ፣
የቫይረስ ማጥፊያችንን ሰርቆ የጫነ ሰው መልኩ የማይታየኝ።
የማየው ቁጥር ነው፣
ሃያ አምስት ፊደል፣ ለአንድ ቤት ብለን የሸጥነው።

ዛሬ ግን አንዱ ቁልፍ ሠላሳ አንድ ሺህ ቤት ሲከፍት አገኘሁት፤
ደረሰኝ አገላብጬ የገዛውን አየሁት፦
ቦሁስላቭ ክሬይዛ፣ ሰዓት ጠጋኝ፣ ኦሎሞውትስ ከተማ።
ደወልኩ። መጀመሪያ የአሮጊት ሳል ነው የተሰማ።

«ባሌ እኮ በፋሲካ ሞተ፤ ምን ፈለግህ ከሱ?»
«በሱ ቁልፍ የሚገቡት፣ እመቤቴ፣ ሠላሳ አንድ ሺህ ደረሱ።»
ዝም አለች። ከጀርባዋ ብዙ ሰዓት ይመታል፣ አንዱ ካንዱ ሳይገጥም፤
ከዚያ በሳቅ ፈረሰች፦ «እኛ እኮ አንድ እንኳ ወራሽ የለንም!»

«ለማን ሰጥቶት ነበር?»
«ለጎረቤት ልጅ። ቦሁሽ ልጅ ለምኖት መቼ ይከለክላል?»
አዬ! ከልጅ ኪስ የወጣ ቁልፍ ስንት ኬላ ይዘላል!

መመሪያው አጭር ነው፦ የሾለከ ቁልፍ እኩለ ሌሊት ይዘጋ።
አለቃዬ ራዲም ግን ነጋዴ ነው፣ አይቸኩልም ለአለንጋ፦
«ቢጫ መስኮት አሳያቸው፤ በሳምንቱ ቀይ፤ ከዚያ ግማሽ ዋጋ።
የዛሬ ሌባ የነገ ደንበኛ ነው» ይለኛል፣ ሳንድዊቹን እያኘከ።
እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፦ በሽታውን የደበቀ
መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ተስቦ ግን ደረሰኝ አይጠይቅም፣
ካልከፈለው ቤት ተነሥቶ የከፈለውን ሲያንኳኳ አያፍርም።

ለወይዘሮ ብላዠና አዲስ ቁልፍ አወጣሁ፣ ሳላማክር ማንንም፤
ፊደል በፊደል አነበብኩላት፤ አልቸኮለችም፣ አልቸኮልኩም።
በሐዘን መግለጫ ፖስታ ጀርባ ላይ ጻፈችው።
«ይህንንስ ለልጁ አልሰጠውም» አለች።
ትንሽ ቆይታ፦ «ቢለምነኝ እንጃ።»

የሟቹን ቁልፍ አልቆረጥኩትም። ቢጫ አደረግሁት፤
ክትባቱን እስከ ሰኞ ተውኩት።

ቤቴ ገብቼ ይህን ስጽፍ ጣቴ «ሀ» ላይ ደረቀ።
ይህ የግዕዝ መጻፊያ፣
ነብዩ በፍላሽ የሰጠኝ፣ ከማን እንደቀዳው ራሱም ያላወቀ።
የሠራው ሰው ስንት ሌሊት አጎንብሶ ሆሄ ለቅሟል፣
እኔ አንድ ሳንቲም አልላክሁለትም፤ ስሙም ጠፍቶኛል።
ምናልባት የሆነ ፎቅ ላይ፣ አምሽቶ፣ ቁጥሬን አይቶታል፤
አይቶኝም
እስከዚህች መስመር ድረስ አልዘጋብኝም።