አየር መንገድ

ኦስትራቫ ላይ ነው፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
ጣራው ላይ ተኝቷል የየካቲት በረዶ።
በሩን በትከሻ ገፍተህ ትገባለህ፤
አንድ አምፖል፣ አንድ ሞርሳ፣ አንድ ሽማግሌ ታገኛለህ።
ቭላስቲሚል ይባላል።
ሠላሳ አንድ ዓመት ከሰል ቆፍሯል፤
ጉድጓዱ ሲዘጋ እሱ ጡረታ ወጣ፣
ጉድጓዱ ግን ከሱ ደረት መቼ ወጣ?
ሲናገር፣ በሁለት ቃል መሃል
ቀጭን ፉጨት ይሰማል።

«እየው» አለኝ፣ ማኒፎልዱን ሞርሳው ላይ አስሮ፣
«ይቺን ስኮዳ ያነሳት ጉልበት አይደለም፤ ጉሮሮ!
ፋብሪካው በችኮላ ነው ያፈሰሳት፣
የቅርጹ አሸዋ ጠባሳ እስከ ዛሬ አለባት።
ከቴስታታው ስትገጥም አፍና አፏ ይዛነፋል፣
ንፋሱ ሮጦ መጥቶ እዚያች እርከን ላይ ይደናቀፋል።»

«ህላቫ» ነው ያለው እሱ፤ ራስ ማለት ነው በቼክኛ።
ቴስታታ ያልኩት እኔ ነኝ፣ የኮምቦልቻ ጋራዥ የቃል ምርኮኛ፤
ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ጓርኒሲዮን እያልኩ ያደግኩ፣
የማን ቋንቋ እንደሆነ አንድ ቀን ያልጠየቅኩ።
የምንጠርገውንም ስጠራው በኛ አፍ፣ «አየር መንገድ»፣
ብቻዬን ሳቅሁ። እኛ ዘንድ አውሮፕላን ነው፣ ሻንጣ፣ የሚያለቅስ ዘመድ፤
እዚህ ግን አውራ ጣቴ በግድ የሚያልፍባት
የተጣመመች ቧንቧ ናት።

አፉን ሰማያዊ ቀባሁት፤ ጓርኒሲዮኑን ደርቤ
ጠርዙን በመርፌ ጫርኩት፣ እንደ ልብስ ሰፊ አስቤ።
ከመስመሩ ወዲህ ያለው አሉሚኒየም ይበላ፣ ግድ የለም፤
ከመስመሩ ወዲያ ግን የፀጉር ያህል አይነካም።
ትራፓኖው ላይ ድንጋይ ገጠምኩ።
«ጭንብል!» ብሎ ጮኸ። አጠለቅኩ።
እሱ ግን ኮቱን ደርቦ ወጣ፣ ወደ በረዶው፣
የዚህ ብናኝ አንድ ማንኪያ ነው የሚቀረው
ደረቱ እስኪሞላ።
ውጭ ቆሞ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ከእጄ ዓይኑን ሳይነቅል፣
በመፍቻ መስታወቱን ይመታል፦
አንዴ ከሆነ «ቀጥል»፣
ሁለቴ ከሆነ «ተው» ማለቱ ነው።

ሦስት ቀን እንዲህ ሰራን። ቋ። ቋ። ቋ።
ብረትና መስታወት ሆነ የመሃላችን ቋንቋ።
በአራተኛው ቀን ልቤ ተኮራ፣
ብርጭቆ ወረቀቱን አነሳሁ፣ መንገዱ እንደ መስታወት እንዲያበራ፤
ፊቴን ላይበት ምንም አልቀረኝ፣
ቋ ቋ! ቋ ቋ!
አፉን በፎጣ አፍኖ ገባ፤ ቀማኝ።
«ልስላሴ ለዓይን ነው። ልሙጥ ግድግዳ ላይ ቤንዚን
ጠብታ ሆኖ ይለጠፋል፣ ይተዋል አየሩን።
ሻካራ ነገር ይቅርበት፤ ሻካራው ነው የሚያዋህዳቸው።»
«ሰውም እንዲሁ ነው?» አልኩት።
አየኝ። «ስለ ሰው ማን አወራ? ስለ ቤንዚን ነው ያወራሁት።»

እሁድ ድራሆሚራ፣ የልጁ ልጅ፣ የራስ ቁሯን አጠለቀች፤
ከዳገቱ ግርጌ አንዴ አጓራች፣ ሄደች።
እኛ ከታች ቆመናል፣ ጭቃ ላይ።
እሱ ዓይኑን ጨፍኗል፤ በጆሮው ነው የሚያይ።
ድሮ አራት ሺህ ዙር ላይ ሲደርስ የሚታነቀው ሞተር
ዛሬ እዚያች ላይ አፉን ከፈተ፤ ጫካው ሙሉ ነገር፣
ቅርንጫፉ፣ ቁራው፣ ሁሉም ተናወጠ።
ቭላስቲሚል ትንፋሹን ውጦ ተቀመጠ፤
ሦስተኛውን መታጠፊያ እስክታልፍ አልተነፈሰም።
ሰዓቱን አየሁ፦ ሁለት ሰከንድ ከምናምን! እሱ ግን አልጠየቀም።

ሳል ያዘው።
ጠበቅኩት፣ ክንዱን ይዤው፣
ረጅም ሳል፣ ጥቁር ሳል፣ የድሮው ጉድጓድ ሳል፣
እስኪያልፍ ድረስ ምን ይባላል?
ከዚያ አፉን ጠርጎ፣ ወደ ዳገቱ ጣቱን ቀስሮ፣
«ሁለተኛው አፍ ላይ» አለ፣ «እርከን ትተሃል፤ ሰማኋት በጆሮ።
ሰኞ እንከፍታታለን።»