ክፍል አርባ አንድ

ስሟ ደብረ ብርሃን፣ ግብሯ ደብረ ብርድ፤
ከሌሊቱ ስምንት፤ ተኝቷል መንገድ።
እኔ ብርድ ልብሱን በወንበር ወጥሬ፣
ከሥሩ ገብቼ፣ ከነትንፋሼ ታጥሬ፣
ስልኬን በካልሲ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ይዤ፣
ወገቤን በሃይላንድ ፍል ውኃ አግዤ፣
«ጤና ይስጥልኝ» ብዬ ልጀምር እልና
ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል መነሻው፣ «ጤና»።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያላገኘሁትን ቃል
በሰላምታ ስም ማን ለሰው ያድላል?

ስለዚህ ሌላ ነው ሁሌ መክፈቻዬ፦
«እንዴት ናችሁ? የእውነት ነው ጥያቄዬ።
‹ደህና፣ እግዜር ይመስገን› ለቀን ሰው ይቆይ፤
ከዚህ ጨርቅ ሥር ደግሞ ይሉኝታ አለ ወይ?»

ስሜ አልጋነሽ ነው።
አባቴ ሲያወጡት ዙፋን ነው ያሰቡት፤
ወገብና ዳሌዬ በፍራሽ ፈቱት።
አሥራ ሦስት ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ፣
የተበጠሰ ክር ስቀጥል ከርሜ፣
ሙቀቱ በጥቅል ተጭኖ አገር ሲያዳርስ
ብርዱ እኔ ጋ ቀረ፣ አጥንቴን ሊወርስ።

ሐኪሙ ፎቶውን መስኮት ላይ ለጥፎ
«ንጹሕ ነው፣ እናቴ» አለኝ፣ እጁን አጣጥፎ።
ፎቶው ንጹሕ ከሆነ
እሺ፣ ያደፈው ማነው?
ጻድቃኔም ሦስቴ ሄጃለሁ፤ እመቤቴ ትየኝ፤
ጠበሉ የወሰደውን ኮረኮንቹ መለሰልኝ።

በመጀመሪያው ዓመት፣ ሙዝና ብርቱካን፣
«ይማርሽ» ባይ ሞላው ቤትና በራችን።
በሁለተኛው ዓመት፣ «አልተሻለሽም ገና?»
በሦስተኛው አንዷ፣ ስስቅ አየችኝና፣
«አማረብሽ!» አለች።
ለካ «ይማርሽ»ም እንደ ክኒን ብልቃጥ
ቀን ተጽፎበታል፣ ካለፈ የማይሰጥ።

ይህን ሁሉ አወራሁ፣ አርባ ሌሊት ሙሉ።
የወንድሜ ልጅ ኢዮስያስ ጠዋት ይቆርጠዋል፤
ሳሌን፣ የአልጋውን ሲጥሲጥታ፣ እህህታዬን ያወጣል።
«ለጥራት ነው፣ አክስቴ» ይለኛል።

አድማጭ? አሥራ ሰባት ነበሩ፤ ዛሬ ሁለት መቶ ስምንት።
ጣርማ በር፣ ዋሻው አፍ ላይ፣ ኤፍኤስአሩን አቁሞ
አንድ ሹፌር ይሰማኛል፣ ወንበሩ ላይ ተጋድሞ፤
«እኔ የተጣላሁት ከፍሪሲዮን ጋር ነው» አለኝ፣ ግራ እግሩ ታምሞ።
ሌላዋን አላውቃት፤ ከመሃል ሜዳ ናት፤
የላከችው ድምፅ አርባ ሰከንድ፣ ወሬ የሌለበት፦
ንፋስ። የቆርቆሮ ኳኳታ። የሚቆራረጥ ትንፋሽ።
መጨረሻው ላይ፣ «እኔም»።

ዛሬ አርባ አንደኛው ነው። ርእሱ ተጽፎ ነበር፣
«ስለ ትዕግሥት» የሚል፤ ነጥቦቹም በቁጥር።
ሕመሙ ግን ቀደመኝ፤ ከዳሌ እስከ ተረከዝ
እንደ ጋለ ሽቦ ይሄዳል ሲመዘዝ።
«ትዕግ—» እላለሁ። ይቆርጠኛል።
«ትዕግሥት ማለት—» ይቆርጠኛል።
እሱም እንደ ኢዮስያስ ነው፤ ግን ሥራውን ገልብጦ
ቃሉን ያወጣና እህህታውን ያስቀራል መርጦ።

ቀዩን ነጥብ አላጠፋሁም። ተውኩት፣ ይቁጠር።
አሥር ደቂቃ። ሃያ።
ሃይላንዱ እየቀዘቀዘ ሲንቋቋ፣
አንዴ «ኧረ በማርያም»፣ አንዴ ሳቅ፣
ለምን እንደሳቅኩ እንጃ፤
ከዚያ የእነ ጋሽ ይፍሩ ዶሮ፣ አንድ ጊዜ፣ ተሳስቶ፤
ከዚያ ብዙ ቆይቶ
የሥላሴ ደወል።

ጠዋት ኢዮስያስ ጆሮው ላይ ሰክቶ አዳመጠ፤
ወደ ፊት ገፋው፤ ወደ ኋላ አሮጠ።
«አክስቴ፣ ምንም አላልሽም እኮ። ምኑን ልቁረጠው?»
«ምንም አትቁረጥ» አልኩት። «እንዳለ ልቀቀው።»

አየኝ፣ ዝም ብሎ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ፣
«እሺ፤ ካልሲዬን ስጪኝ» አለ፣ አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ ከትቶ።