አንድ ጆሮ

ቱሉ ዲምቱ፣ ከዳር፣ አስፋልቱ ካለቀበት፣
አራተኛ ፎቅ ነን፣ ውሃ በሳምንት ሁለቴ ከሚወጣበት።
ሚስቴ የሺመቤት ልጁን ይዛ ስትተኛ፣
እኔ እነቃለሁ፤ መጫወት የማይችል ሙዚቀኛ።
ከምናለሽ ተራ ያመጣሁት አምፕሊፋየር
አንድ እግሩ የለም፤ በቆርኪ ቆሟል እንደ ጡረተኛ መምህር።

ማዳመጫውን ስደፋ ከተማው ይዘጋል፤
የክራሩ ጅማት አንድ በአንድ ይነጋል።
ከበሮ ሲገባ ሁሉ ነገር ደህና፤
ጭብጨባው ሲደምቅ እንከን የለውምና።
ግን ክራረኛው ጣቱን ያነሳ እንደሆን፣
በሁለት ምት መሀል፣ ያቺን ቅጽበት ብቻዋን፣
አንድ ነገር አለ።
ሽ...
ደረቅ የጤፍ ገለባ በጣት እንደሚታሽ፣
ከሩቅ ቆርቆሮ ላይ ካፊያ እንደሚሸሽ።

ፍሪጁ ነው ብዬ ሶኬቱን ነቀልኩት፤
አምፖሉን አጠፋሁ፤ ቻርጀሩን አወጣሁት፤
ስልኬንም ከበር ውጪ ኮሪደር አሳደርኩት።
ገመዱን ቀየርኩ፤ ሌላም ገመድ ተበደርኩ፤
ያቺ ግን አልሄደችም፤ እኔው መሄድ ጀመርኩ።

አንድ ሌሊት የሺመቤትን ቀስቅሼ አሰማኋት።
«ክራር ነው» አለችኝ፣ «ደግሞም ደስ ይላል።»
«ከኋላውስ?» አልኳት።
«ከኋላው ሌሊት ነው፤ ሰው ይተኛበታል።»
ከዚያም ቀስ ብላ፣ «ልጁ ሲያስል አደረ፤
ሰምተኸዋል?» ስትል ክራሩ ጀመረ።

ምድር ቤት ያለው ቶላ፣ የሰርግ ድምፅ የሚሠራ፣
አዳመጠ፣ ሳቀ፣ ቁልፉን እያዞረ ወደ ግራ፤
«ሁሉም ማሽን» አለኝ፣ «ትንሽ ይተነፍሳል፤
ዘፈኑ ሲጮህ ይተኛል፣ ዝም ሲል ይነሳል።
ካልፈለግከው የለም፤ አንዴ የፈለግከው ቀን
ተከራይ ነው፤ አይከፍልም፣ አይወጣም፤ ይዞ ይቀራል ጆሮህን።»

ሳምንት ሙሉ ፈለግኩት።
ረቡዕ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣
መብራት ሄደ።
ክራሩም፣ ያቺም ሽ፣ ባንድ ጊዜ ጨለማ።
ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ እንደ ባዶ ኩባያ፤
«ሄደች!» ብዬ ደስ አለኝ፣ ለመጀመሪያ።
ሳወልቀው ዳሩ ሁሉ ገባ በመስኮት፤
ከድንጋይ ካባው ማዶ ጅብ፣ ከአቃቂ በኩል እንቁራሪት፣
የሲኖትራክ ፍሬን፣ የዘበኛው ፊሽካ፣ የሮቶ ጠብታ ከላይኛው ቤት፤
ከዚያ ሁሉ ኋላ፣ ከሁሉም ቀጥና፣
ከመኝታ ክፍሉ አንዲት ፉጨት መጣች፣ ልክ እንደ ክር ሆና።
ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ስትወርድ ትቆያለች፤
ሽቦ ውስጥ አይደለችም፤ የሶፎንያስ ደረት ውስጥ ነች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም፣
የእኔው ባዳነት ይህን ያህል አልመሰለኝም፤
ለአሮጌ ብረት ትንፋሽ ሳምንት ሙሉ ያደረ፣
ለልጁ ትንፋሽ ሲሆን ተኝቶ ነበረ።

በባጃጅ ወረድን። ኮረኮንቹ ያንገጫግጫል።
ከጎኔ የሺመቤት፤ ዝምታዋ ያፏጫል።
ጤና ጣቢያ ሐኪሟ የማዳመጫዋን ጫፍ ከጆሮዋ ከትታ፣
«ሞተሩን አጥፉት» አለች፣ ከደጅ ያለውን ሰምታ።
ዓይኗን ጨፈነች። አዳመጠች። እኔን መሰለች፤
ግን እሷ የፈለገችውን ቦታው ላይ አገኘች።

አሁን ልጁ ደህና ነው፤ የሚሳብ መድኃኒት አለው ትራሱ ሥር።
አምፕሊፋየሩም አለ፣ በሦስት እግር።
ያቺ ሽ ክራሩ ዝም ሲል አሁንም ትመጣለች፤
አንዱ ጆሮዬ ጋ፣ ምንም ሳትል፣ ትቀመጣለች።
ሌላኛው ጆሮ ባዶ ነው፤ ማዳመጫው ወደ ኋላ የተገፋ፣
ወደ መኝታ ክፍሉ የዞረ፤ በሩም ለአንድ ጣት የሰፋ።