ሦስት ስል ግለጪ

ሠላሳ አንድ ዓመት መርከብ የበየድኩ፣
በግዳንስክ ወደብ ብረትን ከብረት በእሳት ያዋደድኩ፣
እኔ ቫለንቲ ነኝ።
ብርሃን ለእኔማ ባላንጣዬ ነበር፤
ፊቱን አላየሁም በጥቁር መስታወት ካልሆነ በስተቀር።

ሚስቴ ብሮንያ ምሳ ይዛ ስትመጣ፣
"አትዪው!" እላለሁ ከእሳቴ ሳልወጣ፤
"ፊትሽን አዙሪ፤ ዓይንሽን ጨፍኚ፤
ሌሊቱን አሸዋ ነው የሚሞላብሽ፤ አትሞክሪው፣ እመኚ!"
በሌላው ነገር ሁሉ ሰምታኝ አታውቅም፤
ይቺን ግን ያዘቻት፤ አልለቀቀቻትም።

ጡረታ ወጣሁ፤ እጄ ሥራ ፈታ።
የፎቁ ጎረቤት፣ ቀጭኗ ዮቪታ፣
ሠርግ ማንሳት ሰልችቷት ወደ ኦስሎ ስትሄድ፣
ሁለት የስቱዲዮ ፍላሽ ከነእግራቸው፣ ነጭ ጃንጥላ ጭምር፣
በአንድ ዘንቢል ዓሣ ዋጋ ሸጠችልኝ፤ "ቀላል ነው፣ በእንቁላል ጀምር።"

"በእንቁላል?"
"በእንቁላል። አይሰለች፣ አይርገበገብ፣ አያጉረመርም፤
ጥላ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ እንደ እሱ የሚያስተምር የለም።"

የመጀመሪያው ማታ ሁለቱን ሰክቼ፣
ፊውዙ ተቃጠለ፤ ቆምኩ በጨለማ እንቁላል ጨብጬ።
በማግስቱ ደግሞ የምስሉ እኩሌታ
ጥቁር ሆኖ ወጣ፣ መጋረጃ ይመስል የወረደ ማታ።
"ካሜራው ሞተ!" ብዬ ስደውል፣ ሳቀች ከኦስሎ፤
"ቸኩለህ ነው። ብልጭታው ሲደርስ ያገኘዋል በሩን ገርበብ ብሎ።
ፍጥነቱን መቶ ስልሳ ላይ አድርግ፣ እዚያው ተወው፤
ድምቀቱን የምታስተካክለው በቀዳዳው ነው።
ደግሞ አቅርበው መብራቱን! ወሬ ሲርቅ ይገዝፋል፣
ብርሃን ግን ይከሳል፤
ርቀቱን እጥፍ ብታደርገው ሩቡ ብቻ ይተርፋል።
በጃንጥላ ቀልብሰው፤ ሰፍቶ፣ ቀርቦ ሲመጣ
ጉንጭ ይዳስሳል እንጂ በጥፊ አይማታ።"

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ብርሃን ሳሾል ኖሬ፣
ማለስለስ ልማር ነው በስልሳ ስምንቴ፣ ዛሬ።

ብሮንያን አስቀመጥኳት በኩሽናው ወንበር፤
ጃንጥላው በግራዋ፣ ከዓይኗ ከፍ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ ነበር።
ብልጭ! ዓይኗ ክድን።
ብልጭ! ዓይኗ ክድን፤ ፊቷም ወደ ምድጃው ዞረ።
አስራ ዘጠኝ ምስል፣ አስራ ዘጠኝ እንቅልፍ።
"ምን ሆነሻል?" አልኳት፤ ድምፄ ከፍ ያለ መሰለኝ።
"ምን ልሁን?" አለችኝ፣
"ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ 'አትዪው!' ብለኸኝ።"

ዝም አልኩ።
ፍላሹ ብቻ ነበር ኃይሉን እየሞላ የሚያፏጭ፤
ጢጥ አለ፤ ዝግጁ ነኝ አለ። ለማን?

"ተነሽ፣" አልኳት፣ "እኔ ልቀመጥ። አንቺ ተጫኚው።"
ብልጭ!
ሁለታችን አየነው፦
ዓይኔ ክርችም ብሎ፣ ቀኝ እጄ ግንባሬ ላይ፣
የሌለ ጭንብል ሊያወርድ፣ ሊያወርድ ሲል ነው የሚታይ።
እስክታነባ ሳቀች።
እኔም ቆይቼ።

ኃይሉን ወደ አንድ ስምንተኛ አወረድኩት፤
ጃንጥላውን ክንዴ እስኪነካው አቀረብኩት።
"አሁን ጨፍኚ፣" አልኳት፤ "እንደ ድሮው፣ አጥብቀሽ።
ሦስት ስል ግለጪ። እዪው፤ አያቃጥልሽ።"
አንድ።
ሁለት።

ትኩረቱ ስቷል፤ የጠራው ጆሮዋ ነው፣ ጉትቻዋ፤
የጃንጥላውም ጠርዝ ገብቷል በአናቷ።
ዮቪታ ብታየው "ድገመው" ትላለች።
ግን በሁለቱም ዓይኖቿ፣ የስንዴ ፍሬ እያከለች፣
አንዲት ነጭ ጃንጥላ ተዘርግታ ቆማለች።
አልደግመውም።