ሦስት ቋጠሮ

ማንጠግቦሽ ልጇን ልታርስ፣ መተማ ወረደች፤
እኔ ጓሮ እንዳርስ፣ አዝዛኝ ሄደች።
ባሮጌ ነጠላ፣ ሦስት ቋጠሮ ዘር፣
ከማጀቱ ወጋግራ፣ ከጥላሸቱ ሥር።
አንዱን ባንድ ዙር አስራ፣ አንዱን በሁለት፣
ሦስተኛውን በሦስት፤ ሌላ የለው ምልክት።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ቆጣሪ ያነበብሁ፣
ከአራዳ እስከ አዘዞ፣ በር ያንኳኳሁ፣
ቋጠሮ ማንበቡን፣ ከማን ልማር አልሁ?

ደወልሁ። "ባለ አንዱ፣ የደንቢያ ዛላ ነው፤
ለድልህ የሚሆን፣ ቆዳው የወፈረው—"
ተቆረጠ።
በማግስቱ፦ "ባለ ሁለቱማ፣ ሚጥሚጣ ነው፣ ተው፣
ዓይንህን እንዳትነካ፣ እጅህን ሳት—" ደግሞ ያው።
"ሦስተኛውስ?" ብል፣ የሕፃን ልቅሶ ሰማሁ፣
ከዚያ "ደንበኛውን አሁን ማግኘት አይቻልም" ተባልሁ።

አዛናው ባጥር ላይ፦ "ምን ያስጨንቅሃል?
ቅዳሜ ገበያ፣ ማረቆ ሞልቷል፤
ፍሬው እንደ ምላስ፣ ዋጋው የታወቀ፤
ማን ዘር ይዘራል፣ ስሙን ያላወቀ?"

እኔ ዘራሁ።
ግንቦትን በሣር ክዳን፣ ሰኔን ባመድ አለፍሁ፤
ሐምሌ ውሃ ሲቋጥር፣ በማንኪያ ቦይ ቀደድሁ።
ደንቢያው ግማሹ ጠወለገ፣ ሥሩ በስብሶበት፤
ሚጥሚጣው ግን ምን ግዱ፣ እንደ ባለርስት ኮራበት።
ሦስተኛው ከባልዲው ጥግ፣ ዝም ብሎ ቆመ፤
ትከሻው ሰፍቶ፣ ጫፉ ሾሎ፣ ለማንም ሳያዳላ ከረመ።

"አርባ ቀን" ያለችው፣ አምስት ወር ሆነና፣
መንገዱ ተከፍቶ፣ ጥቅምት ላይ መጣችና፣
ሰሊጥ ሰሊጥ እየሸተተች፣ አቧራዋን ሳታራግፍ፣
ገባች ወደ ጓሮ፣ በእኔ በኩል ስታልፍ።

"ሦስተኛውን" አለች፣ "እኔም አላውቀው፤
አምና ከሁለቱ መሐል፣ ንብ ነው የወለደው።"
አንዷን፣ የቀላችውን፣ ቀነጠሰች። ገመጠች።
"እህሳ፣ ምን ይላል?"
"ቆይ፣ ገና ነው፤ እንዳንተ፣ ቆይቶ ይናገራል።"

ቆየ።
ዓይኗ እንባ ሞላ። ግማሹን ሰጠችኝ፤
እኔም ዝም ብዬ በላሁ፣ ምላሴ እስኪከዳኝ።

እስክሪብቶ አመጣሁ፣ ስሙን ልጽፍበት፤
የነጠላዋን ጫፍ ስባ፣ ሦስት ዙር ቋጠረችበት።