ሎጋ

ቀን ሰዓት እጠግናለሁ፣ ማታ ድንክ ዶሮ አረባለሁ፤
በሁለቱም ሥራ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በአንዱ እለካለሁ።
የሂርማታ ሰው ይስቃል፦ "ይቺ ርግብ የምታህል
ለስንት ሰው ልትደርስ? ወጧስ ምን ያህል ይሆናል?"
አይሆንም። እኔም አውቃለሁ።
ግን ጭራዋን እንደ ማጭድ አቁማ፣ ክንፏ አፈር እየነካ
ግቢውን ስትዞር ያየ፣ ወጥ ማሰቡን ይረሳል ለካ።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጭቃው ሲጠነክር፣ ከስታዲየሙ ጎን፣
ከአጂፕ፣ ከመንቲና፣ ከቆጪ፣ ከጅሬን፣
አርቢው ይሰበሰባል፣ በፎጣ ጠቅልሎ የዓመት ድካሙን።
ዳኛው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ወፏን ያቆማል፣
ቅልጥሟን በክር ይለካል፤
ያጠረው ዋንጫ ይወስዳል፣ የረዘመው ድስት ይወርዳል።

ሦስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫው ቤቴ አደረ።
ምስጢሩም ምስጢር አልነበረ፦
አጭሯን ለአጭሩ ዳርኩ፣ ልጃቸውንም ለአጭር፤
ረጅም ከወጣ ሸጥኩት፤
ካልተሸጠ፣ ዘምዘም ሽንኩርት መክተፍ ትጀምር ነበር።

ከአሥራ ሁለት እንቁላል ግን ዘጠኙ ይፈለፈላል።
ሦስቱ ዝም ይላል።
በሚቀጥለውም ሦስት። አንዳንዴ አራት። አንዴ ሁለት።
"የሰኔ ነጎድጓድ ነው" አለች ዘምዘም፣ "እንቁላል ያስደነግጣል።"
አመንኳት። ሰማይን ከሶ ማን ችሎት ያቆመዋል?

አንድ ሌሊት፣ ዶሮዋ በታቀፈች በሰባተኛው ቀን፣
መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በሞባይሌ ባትሪ አየሁ እያንዳንዱን።
በዘጠኙ ውስጥ ቀይ ክር እንደ ሸረሪት እግር ተዘርግቷል፣
መሐሉ ላይ አንዲት ነጥብ፣ እንደ ሰዓት፣ ትመታለች።
ሦስቱ ክር የላቸውም።
አንድ የደም ቀለበት ብቻ፣ ክብ፣ ጸጥ ያለ፣
ቆጣሪው እንደ ወለቀ ሰዓት፣ ክቡ ቀርቶ ጊዜው የሌለ።

የቆመ ሰዓት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አለኝ፦
"ከእኔ በፊት ማን ነካካው?"
ያን ሌሊት ጠያቂው እኔ፣ ተጠያቂውም እኔው ነኝ።

ሙርሰል፣ የጎረቤት ልጅ፣ እርሻ ኮሌጅ የሚማር፣
ደብተሬን ገልጦ ቆጠረ፣ ሃምሳ አራት በእርሳስ የተሰረዘ ቁጥር።
"አጭር እግር ከአንድ ወገን ሲወረስ ጌጥ ነው፣ ጋሼ፤
ከሁለቱም ሲወረስ ሞት። ከአራት አንዱ።"
"ታዲያስ?"
"አጭሩን ለረጅም ይዳሩ። ግማሹ ረጅም ይወጣል፤
ዋንጫው ይቀራል።
ግን ይወጣል።"

ረጅም ከየት ላምጣ? ቆጡን በባትሪ ዞርኩት፤
ገሚሱን ሸጬዋለሁ፣ ገሚሱን በላሁት።
ትዝ አለችኝ አንዲት ገብስማ፣ ቅልጥሟ እንደ ሸንበቆ፣
"ሎጋ" ብዬ ለስድብ የጠራኋት፣
ለሰርግ ስጦታ አስመስዬ ቦሳ ቂጦ የሸኘኋት።
ሸምሲያ በሩ ላይ አየችኝ፣ ዶሮዋን አየች፣ ገባት።
"የሰጡኝን ሊገዙኝ?" ብላ እጥፍ ጠራች። ከፈልኳት።

ዘንድሮ ዋንጫው የሌላ ሰው ነው።
የሆቴሉ ባለቤት መጥቶ፦ "ሁለት አጫጭር ስጠኝ፣ ጥንድ፣ ለግቢዬ።"
አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም፤ አለዚያ የለም አልኩት።
ብሩን ወደ ኪሱ መልሶ፣
"አንተ ሰዓትህን ጠግን" ብሎኝ ሄደ።

ሎጋ ከመሣሪያ ሳጥኔ ሥር ታቅፋለች።
ትናንት ማታ ከአዌቱ ማዶ ሰማዩ ተተረተረ፣
ቆርቆሮው ጮኸ፣ ዘምዘም ተነሥታ ተቀመጠች።
ባትሪውን አብርቼ አንድ በአንድ አሳየኋት፦
ክር። ክር።
አንዷ ባዶ ናት፣ ከመጀመሪያውም ዘር ያልያዘች።
ሌላው ሁሉ ክር።
ብዙ ቆየች፣ ብርሃኑ ጣቶቿን እያቀላ።
"ሦስት ዓመት ሙሉ አማነው እኮ" አለች በመጨረሻ፣
"ምስኪኑን ነጎድጓድ።"